ከሐዋሳ እስከ ውጫሌ፣ ድምፃቸው ከጠፋ ሊቀመንበር ጋር

ከወሎ ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ ብቅ ያለ ደንበኛ ሁሉ የመጣበትን ጉዳይ ትቶ ስለ መንገዱ ይጠይቀኛል። ለአንዱ አውርቼ ሳልጨርስ ሌላው ይገባና «ከመጀመሪያው ጀምሪልን» ይለኛል። በዚህ ዓይነት ሥራ ተበደለ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው ብዬ ተቀመጥኩ። አብዛኞቻችሁ ሐይቅንም ሆነ ውጫሌን በዓይናችሁ ላታዩ ትችላላችሁ። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አምባሰል ሲባል የማውቀው የዘፈን ቅኝቱን ብቻ ነበር።

ለማታውቁኝ፣ ማርታ እባላለሁ። ሐዋሳ ውስጥ አነስተኛ የማተሚያና የማሸጊያ ሥራ አለኝ። የማር ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት፣ የዳቦ ከረጢቱን፣ የበርበሬ ማሸጊያውን የምሠራው እኔ ነኝ። የከተማችን የሴት ነጋዴዎችና ባለሙያዎች ማኅበር አባልም ነኝ። ገባሁ ከምል አስገቡኝ ብል ይቀላል፤ ዳቦ ቤት ያላት ጎረቤቴ ሊያ ናት እጄን ይዛ የወሰደችኝ። የመጀመሪያዎቹን ስብሰባዎች በሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ ስሜ እንዳይጠራ እየጸለይኩ አሳለፍኳቸው።

ጉዞው የመጣው እንዲህ ነው። ውጫሌ የምትኖር ውባንቺ የምትባል የእንስሳት ሐኪም ከሊቀመንበራችን ከእትዬ አስካለ ጋር አንድ ሥልጠና ላይ ተገናኝታ ኖሮ፣ «እኛም አገር እንዲህ ያለ ማኅበር ማቋቋም እንፈልጋለን፤ መጥታችሁ እንዴት እንደምትሠሩ ንገሩን» ብላ ትለምናቸዋለች። እትዬ አስካለም እሺ አሉ፤ ቀጥለውም በሙሉ ስብሰባ ፊት «ከእኔ ጋር ማርታ ትሂድ» አሉ። ደነገጥኩ፤ ከድንጋጤው ግን ደስታው በለጠ።

ሐሙስ፦ ሽቅብ ወደ ደሴ

ገና ጎህ ሳይቀድ ከሐዋሳ ተነሳን። እትዬ አስካለ መድኃኒት ቤት ነው ያላቸው፤ ግማሹን በቦርሳ ሸክፈው ነበር የመጡት። የራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠት፣ የትንኝ፣ ያላሰብነው በሽታ ሁሉ መድኃኒት አለ። እኔ የያዝኩት አንድ ጥቁር ሻንጣ ነው፤ ውስጡ ለስብሰባው ብዬ ያሰፋሁት ሰማያዊ ሙሉ ልብስና የሥራዬ ናሙናዎች አሉ። እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ዝዋይ ላይ ቁርስ በላን፤ አዲስ አበባ ስንደርስ በመኪናው መጨናነቅ ተማረርን፤ ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ገባን።

ኮምቦልቻ ስወርድ መጀመሪያ ያልኩት «ይሄማ የእኛው ሐዋሳ ነው» ነበር። ሜዳውም፣ ሙቀቱም፣ የባጃጁ ግርግርም ያው ነው። ሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ደሴ መውጣት ስንጀምር ግን ቃሌን ሰረዝኩ። ሐዋሳ ላይ ዳገት ማለት ታቦር ተራራ ነው፤ እሱንም ለስፖርት ብለን ወጥተን፣ ፎቶ ተነስተን እንወርዳለን። ሐረጎ የሚሉት የደሴ ዳገት ግን ሌላ ነው። እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ጨረስነው ስንል ሌላ ጥምዝ ያመጣል፤ ኮምቦልቻም ከእግራችን ሥር እያነሰች እያነሰች ትሄዳለች። እኔ እንደ ሕፃን ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ነበር የምለው።

እትዬ አስካለ የተቀመጡበት መስኮት አልዘጋ አለ። ሾፌሩ በመስታወት አይቷቸው፣ «እናቴ፣ ነጠላዎትን አፍዎ ላይ ያድርጉት። የደሴ ብርድ እንግዳ ይወዳል» አላቸው።

«ልጄ፣ እኔ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ፤ ብርድ አይነካኝም» አሉት።

ሾፌሩ ሳቀና የከፈተውን ዘፈን ከፍ አደረገው። ክራሩ ደስ ስላለኝ «ምን ዘፈን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አምባሰል ነዋ!»

«ዘፈኑን ነው ቦታውን?»

«ሁለቱንም። ቦታውን ስታይው ዘፈኑ ይገባሻል» አለኝ።

ደሴ ስንገባ ጭጋጉ መንገድ ላይ ወርዶ ነበር። ሐዋሳ በዚያ ሰዓት ሰው በአጭር እጅጌ ሐይቅ ዳር ይንሸራሸራል፤ እዚህ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ይፈጥናል። ያረፍንበት ሆቴል አስተናጋጅ ሳንጠይቃት ተጨማሪ ብርድ ልብስ ታቅፋ መጣች። ትኩስ ሾርባ ጠጥተን ሹራብ ላውጣ ብዬ ሻንጣዬን ስከፍት፣ ላዩ ላይ የነበረው በጣም ትንሽ፣ ቢጫ፣ በእጅ የተሠራ ኮፍያ ነው። ሥሩ የሕፃን ካልሲ፤ ከዚያ ሥር የሕፃን ብርድ ልብስ፤ ታች ደግሞ ለአራስ አጥሚት የተዘጋጀ እህል። ሚኒባሱ ላይ ሻንጣ ተለዋውጠናል!

እትዬ አስካለ ኮፍያውን ጣታቸው ላይ ሰክተው «ነገ ይህን አድርገሽ ትገቢያለሽ» አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። እኔ ግን የሰማያዊ ልብሴ ነገር ሳይሆን፣ የሆነ ቦታ አንዲት አራስ ቤት የእኔን ሻንጣ ከፍተው ምን እንዳሉ ሳስብ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ዓርብ፦ ቁልቁል ወደ ሐይቅ

ጠዋት እትዬ አስካለ «እንዴት አደርሽ» ሊሉኝ አፋቸውን ሲከፍቱ የወጣው ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ደግመው ሞከሩ፤ ጭራሽ ጠፋ። ጉሮሯቸውን በጣት አሳዩኝ። የተሸከሙትን መድኃኒት ሁሉ አልጋው ላይ ዘርግተው አንዱን መረጡና ዋጡ፤ ከዚያ በሹክሹክታ «ዝም ማለት ነው መድኃኒቱ» አሉኝ። እኚህ ሴትዮ ዝም ብለው አይቼ አላውቅም።

መናኸሪያ ሄደን የትላንቱን ሚኒባስ ስንፈልግ ተራ አስከባሪው ነገሩን ሰምቶ ጓደኞቹን ሁሉ ጠራ። አንዱ ሾፌሩን ያውቀዋል፤ ሌላው ከእኛ ጋር ከወረዱት አንዷ አያት መሆኗን፣ ልጇ ወልዳ ልትጠይቅ የመጣች መሆኗን ያስታውሳል። ስልክ ተደዋወሉ፤ ተጯጯሁ። እኔ የአውቶቡስ ተራ ሰው ሲቆጣ ነው የማውቀው፤ እዚህ ለማያውቁት ሰው ሻንጣ ሥራቸውን አቁመው ይሟገታሉ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ እታለም!» አለኝ ተራ አስከባሪው፣ የሕፃኑን ሻንጣ ተቀብሎኝ። «ደሴ ላይ ዕቃ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። ሐይቅ ማን ዘንድ ነው የምታርፉት?»

«ሰዓዳ ዓሳ ቤት» አልኩት፤ ውባንቺ ያስያዘችልን ማረፊያ ነው።

«በቃ! ሰዓዳ ዘንድ ከሆነ እንኳን ሻንጣ መርፌም አይጠፋም።»

ከደሴ ወደ ሐይቅ መንገዱ እንደገና ይወርዳል። ብርዱ ጥምዝ በጥምዝ እየለቀቀን፣ የብርቱካንና የዘይቱን ዛፍ እየበዛ ሄደ። ሐዋሳ ላይ ከተማውና ሐይቁ ትከሻ ለትከሻ ናቸው፤ ገበያ ስትሄዱ ሐይቁን ታዩታላችሁ። ሐይቅ ከተማ ግን ስሟን ከውሃው ወስዳ ራሷ አስፋልቱ ዳር ተቀምጣለች፤ ውሃው ከተራሮቹ ሥር ወረድ ብሎ ነው የሚጠብቃችሁ።

ሰዓዳ ዓሳ ቤትና ከጀርባው ጥቂት የእንግዳ ክፍሎች አሏት። ዕድሜዋ አርባዎቹ ውስጥ ይሆናል፤ ወፈር ያለች፣ ስትናገር ሁለት እጆቿ አብረው የሚናገሩ ሴት ናት። ደርሰን ገና ወንበር ሳንይዝ «ምን አገኛችሁ? መንገዱ ደህና ነው? ቤቱ እንዴት ነው? ልጆች?» እያለች ትከሻችንን አቅፋ አስገባችን። የጁምዓ ሶላት ሰዓት ስለነበር ቤቱ ጭር ብሏል። ወንበሮቹ አዲስ መሆናቸውን ሳደንቅ፣ «ጦርነቱ ያለፈ ጊዜ ስመለስ የጠበቀኝ ግድግዳው ብቻ ነበር እኮ» አለችኝ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ያው አንድ አንድ እያልኩ ሞላሁት።» 

ምሳ የመጣው ቆሮሶ ዓሳ ነው፤ ከነአጥንቱ ጠብሳ፣ ከጎኑ በሚጥሚጣ የታሸ ቲማቲም። እኛ አገር ዓሳ ስንጠብስ ዱቄት እናለብሰዋለን፤ እሷ በጨውና በሎሚ ብቻ ነው የምትጠብሰው። ሐዋሳ እንዳትሰማኝ እንጂ ይሄኛው ይጥማል።

«ለእንግዳ ዓሳ የመሰለ የለም» አለች ሰዓዳ አጥንቱን እየለየችልኝ። «ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል እጁን ይሰዳል፤ ማን ባረከው፣ ማን አረደው የለበትም።»

እትዬ አስካለ መብላት ስላቃታቸው ሰዓዳ ሳትነግረን ኩሽና ገብታ ዝንጅብልና ማር አፍልታ መጣች። ከዚያ ስለ ሻንጣው ስነግራት ዓይኗን ከላይ እስከ ታች አሳለፈችብኝና መኝታ ቤቷ ይዛኝ ገባች። ቁም ሣጥኗን ከፍታ ለዒድ የምትለብሰውን አረንጓዴ ቀሚስ አወጣች። እኔ ቀጭን ነኝ፤ ቀሚሱ ሁለት እኔን ይይዛል። ሰዓዳ ተንበርክካ ጎኑን በመርፌ ቁልፍ እየሰበሰበች «ቀጥ ብለሽ ቁሚ፤ ከወጋሁሽ መጮህ የለም» እያለች ልክ አደረገችው። «ማሻ አላህ! ነገ ውጫሌ ሲያዩሽ የሐይቅ ልጅ ናት ይላሉ።»

ማምሻውን እትዬ አስካለ አጠገባቸው አስቀመጡኝና በጆሮዬ አንሾካሾኩ። «ነገ የምትናገሪው አንቺ ነሽ።»

ስልኬን አቀበልኳቸውና ንግግሩን ጻፉልኝ። የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ውድድር ልትሮጥ መነሻው መስመር ላይ የቆመች ልጅ የሚሰማት ዓይነት ነገር ነበር።

ቅዳሜ፦ ውጫሌ

ጠዋት ሰዓዳም ዓሳ ቤቱን ለሠራተኛዋ ትታ አብራን ተሳፈረች። «ዓይቼ ልመለስ እንጂ እኔ ማኅበር የምወድ ሰው አይደለሁም» አለች። መንገዱ እየራቀ ሲሄድ የአምባሰል ተራራ ብቅ አለ። የሐሙሱ ሾፌር «ስታይው ዘፈኑ ይገባሻል» ያለኝ ልክ ነበር ማለት አልችልም፤ ስለ ዘፈን የማሰብ አቅም አልነበረኝም። ንግግሬን በቃሌ እየወጣሁ ነበር። ግን እጄ ላይ ያለውን ስልክ አውርጄ ቀና እንድል አድርጎኛል፤ አናቱ የተቆረጠ ይመስላል፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ሥሩ ያለው የማሽላ ማሳ ደግሞ ከእኛ አገር በቆሎ በላይ ሰው ይውጣል።

ውባንቺ መናኸሪያው ላይ ጠበቀችን። ወጣት፣ ቀልጣፋ፣ የሥራ ቦት ጫማዋን ሳታወልቅ የመጣች ሴት ናት። «ይቅርታ፣ ጠዋት ጠዋት የታመመች ላም አለችብኝ» አለችና በባጃጅ ጭና ወደ አዳራሹ ወሰደችን። ባጃጁ ኮረኮንቹ ላይ ሲዘል የጎኔ መርፌ ቁልፍ ተፈታና ወጋኝ። ጮህኩ። ሰዓዳ ከኋላ «ነግሬሻለሁ!» አለች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሻሽ ያሰሩ፣ ሒጃብ የለበሱ፣ ነጠላ ያጣፉ፣ ጃኬት የደረቡ፤ አስተማሪዎች፣ ነርስ፣ ልብስ ሰፊ፣ ዶሮ አርቢ፣ እህል ነጋዴ። ከፊት ረድፍ ላይ ሁሉም ተነስቶ ቦታ የለቀቀላቸው፣ ነጭ የለበሱ ሽማግሌ ሴት ተቀምጠዋል። ሐጂያ ዘይነብ ናቸው፤ ውጫሌ ውስጥ ለረጅም ዘመን እህል ሲነግዱ የኖሩ። ውባንቺ በጆሮዬ «እሳቸው ካልተቀበሉት ማንም አይገባም» አለችኝ።

እትዬ አስካለ በስልኬ የጻፉልኝን ንግግር ማንበብ ጀመርኩ። ዓላማ፣ ራእይ፣ እሴት፣ አቅም ግንባታ። ድምፄ አይንቀጠቀጥም፤ ግን ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም። አንዷ ልጇን አጠባች፤ አንዷ አዛጋች። ስጨርስ ጭብጨባው ለጨዋነት ያህል ነበር። ሐጂያ ዘይነብ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሳይነሱ ተናገሩ።

«ልጄ፣ አላህ ያክብርሽ፤ ከሩቅ መጥተሻል። እንዲህ ያለውን ግን ሰምተነዋል። መጡ፤ ቲሸርት አለበሱን፤ ፎቶ አነሱን፤ ማኅበር ነው አሉን። መኪናቸው ሲሄድ ማኅበሩም አብሮ ሄደ። እናንተስ ነገ ስትሄዱ እዚህ ምን ይቀራል?»

አዳራሹ በሙሉ «እህ» አለ። ወደ እትዬ አስካለ ዞርኩ፤ አፋቸውን ከፈቱ፣ ምንም አልወጣም። በእጃቸው ወደ እኔ መለሱት።

ስልኬን አስቀመጥኩ። «ሐጂያ፣ እኔ ምን እንደሚቀር አላውቅም» አልኩ። «እኔ ጋ የቀረውን ግን ልንገርዎት።»

ስለ ራሴ ነገርኳቸው። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ስሠራ፣ ትልቅ ደንበኛ ሲመጣ ዋጋዬን ለመናገር አንገቴን እንዴት እደፋ እንደነበር። ሊያ፣ ያቺ ዳቦ ቤት ያላት ጎረቤቴ፣ አንድ ቀን መኪናዋ ውስጥ አስቀምጣኝ እሷ ደንበኛ ሆና፣ እኔ ሻጭ ሆኜ፣ ዋጋዬን ያለ «ይቅርታ» እስክናገር ድረስ ደጋግማ እንዳለማመደችኝ። ሌላዋ አባል የሕግ ባለሙያ ናት፤ ውሌን አነበበችልኝ። ሌላዋ የማር ነጋዴ ናት፤ የመጀመሪያዋ ትልቅ ደንበኛዬ ሆነች። «እኔም ለእነሱ አደርጋለሁ። ወር በወር ስንገናኝ ሁላችንም ሁለት ነገር እንናገራለን፤ ምን እንደሚያስፈልገንና ለሌላዋ ምን ማድረግ እንደምንችል። ማኅበራችን ይኸው ነው። ቲሸርትም የለንም።»

ሳቅ ተሰማ። ድፍረቱ መጣልኝ። «ለምን አሁን አንሞክረውም? ውባንቺ ትጀምር።»

ውባንቺ ተነሳች። «እኔ የሚያስፈልገኝ መጓጓዣ ነው፤ ሩቅ ቀበሌ ያሉ ከብቶች ጋ የምደርስበት አጣለሁ። ማድረግ የምችለው ደግሞ የማንኛችሁንም ዶሮ፣ ፍየል፣ ላም መጥቼ አያለሁ።» ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። እሷና ባሏ አይሱዙ አላቸው፤ በየቀበሌው እህል ለማምጣት ይሄዳል። «ጋቢናው ባዶውን ነው የሚሄደው፤ ነይ ተሳፈሪ» አለቻት። ያኔ የልብስ ሰፊዋ ተነሳች፤ ከዚያ ነርሷ፤ ከዚያ ሳልጠራቸው መነሳት ጀመሩ።

ከዚያ የሆነውን ሳልስቅ መጻፍ አልችልም። አንዲት ዶሮ አርቢ፣ «ዶሮዎቼን የሚወስድልኝ ቋሚ ደንበኛ ነው የምፈልገው። አሁን ወደ ደሴ ለሚጭን ነጋዴ ነው የምሰጠው» አለች። ሰዓዳ፣ ማኅበር የማትወደው ሰዓዳ፣ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ቆይ ቆይ ቆይ! የትኛው ነጋዴ?»

ሴትዮዋ የነጋዴውን ስም ተናገረች።

ሰዓዳ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ወይ ያ ረቢ! እኔ እኮ ዓሳ ለማይወደው ደንበኛ በየሳምንቱ ደሴ ድረስ ወጥቼ ዶሮ የምገዛው ከእሱ ነው! የአንቺ ዶሮ በእኔ ደጅ አልፎ ደሴ ወጥቶ፣ እኔ ተከትዬው ሄጄ ይዤው እመለሳለሁ ማለት ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሴቶቹ እርስ በርስ እየተደገፉ ሳቁ፤ የምታጠባዋ እናት ልጅ ነቅቶ አለቀሰ። እትዬ አስካለ ድምፅ ሳይኖራቸው ትከሻቸው ይርገፈገፋል። ሐጂያ ዘይነብም ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ አየሁ። ሰዓዳ ወንበሯን አንስታ ሄዳ ዶሮ አርቢዋ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን ስብሰባ የሰሙ አይመስለኝም።

ሳቁ ሲበርድ ሐጂያ ዘይነብ ምርኩዛቸውን መሬት መታ አደረጉት። 

«እኔም ልናገር እንግዲህ። መጋዘኔ የዓመቱን እኩሌታ ባዶ ነው፤ ዕቃ ማስቀመጫ ያጣች ትጠቀምበት። የሚያስፈልገኝ…» ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ልጆቼ ሁሉም ወጥተዋል። አንዱ አረብ አገር፣ አንዱ አዲስ አበባ። እህል ሲገዛ እንዴት እንደሚታይ፣ ሲቀመጥ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ሰው እንዴት እንደሚያዝ፣ ይህን ሁሉ ይዤ ልሄድ ነው። ከእኔ የሚማር ሰው ነው የምፈልገው።»

ከዚያ ከግድግዳው ሥር አንዲት ወጣት ሴት ተነሳች። «ፋጡማ እባላለሁ። ሒሳብ አያያዝ ተምሬ ተመርቄያለሁ፤ ሥራ ሳላገኝ እቤት ተቀምጫለሁ። እኔ… ከፈቀዱልኝ መማር እፈልጋለሁ።»

ሐጂያ ዘይነብ በምርኩዛቸው ወደ ፊት ጠሯት። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉ። ነገረቻቸው። «አያትሽን አውቃቸው ነበር። ሰኞ ፈጅር ሰግደሽ ነይ። የተኛ ነጋዴ አልወድም።»

ጭብጨባው አሁን እውነተኛ ነበር። እኔም ከእነሱ ጋር እያጨበጨብኩ ሳለ የሐጂያ ምርኩዝ ወደ እኔ ተቀሰረ።

«አንቺስ? ሁሉን አናገርሽ፤ ያንቺስ ምንድን ነው?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። እውነቱ ምላሴ ላይ መጣ። እትዬ አስካለ ሊለቁ ስለሆነ በእሳቸው ቦታ ሊቀመንበር እንድሆን ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ እምቢ ብያለሁ። ይህን ለባሌም አልነገርኩትም። ለማላውቃቸው የውጫሌ ሴቶች ነገርኳቸው። «መምራት እችላለሁ ብዬ አላምንም። የሚያስፈልገኝ የሚያሳምነኝ ሰው ነው።»

ሐጂያ ዘይነብ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ከጠዋት ጀምሮ ይህን ስብሰባ ስትመራ የነበረችው ማን ናት?» ብለው ጠየቁ።

«እሷ!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

«በይ» አሉኝ ሐጂያ። «ያንቺም ተፈታ። ቀጥሉ።»

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ማኅበሩ ተመሠረተ፤ ውባንቺን ሊቀመንበር አድርገው መረጡ። ምሳውን ሁሉም ከቤቱ ያመጣውን አንድ ላይ ዘርግተው ነው ያበሉን፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ የማሽላ እንጀራ፣ ሰዓዳ በሰሐን ጭና ያመጣችው ዓሳ። የማሽላ እንጀራ ለእኔ አዲስ ነው፤ ከጤፉ ይልቅ ይከብዳል፣ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ቶሎ ያጠግባል። እኔ ግን ከደስታ ብዛት መጥገቤንም አላወቅኩ።

እሁድ፦ ውሃው ዳር

ቅዳሜ ማታ ሐይቅ ተመልሰን ሰዓዳ ቤት አደርን። ጠዋት እትዬ አስካለ ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ፣ «ማርታ» ብለው ጠሩኝ። የሻከረ ቢሆንም ድምፅ ነው! ሰዓዳ ከኩሽና እልል አለች።

ከቁርስ በኋላ ወደ ሐይቁ ወረድን። የሐዋሳው ሐይቅ ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ሰማይ የሚያክል ነው፤ ይሄኛው ተራሮች በእጃቸው የያዙት ይመስላል፤ ውሃውም ጠቆር ያለ ነው። እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ በእግራችን ሄድን፤ ሴት ወደ ውስጥ ስለማይገባ ደጁ ጋ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ከውስጥ የተማሪዎቹ ዜማ ይሰማል። አንድ መነኩሴ እንግዳ መሆናችንን አይተው «ከየት ናችሁ?» አሉን። ከሐዋሳ ስንላቸው «እዚያም ሐይቅ አለ ይባላል» ብለው ሳቁና ባርከውን ሄዱ።

እዚያው ዛፍ ሥር እትዬ አስካለ በሻከረ ድምፃቸው ጀመሩ። «ሁለቴ ጠይቄሻለሁ፤ ሦስተኛ…»

«እሺ» አልኳቸው፣ ሳይጨርሱ።

«ምን እሺ? ገና አልጠየቅኩሽም እኮ!»

«የሚጠይቁኝን አውቃለሁ። እሺ።»

ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ጉንፋኑ ነው አሉኝ።

ስንመለስ የእኔ ሻንጣ ሰዓዳ ደጅ ላይ ቆሟል፤ አንድ የደሴ ሚኒባስ አድርሶት ነው። ስከፍተው ሰማያዊ ልብሴ ተተኩሶ፣ በሥርዓት ታጥፎ፣ ከላዩ አንድ ፌስታል ብርቱካን ተቀምጦበታል። የሕፃኑ አያት ናቸው ያደረጉት። በተራ አስከባሪው በኩል ደውዬ አመሰገንኳቸው። «ልብስሽ ተጨማዶ አፈርኩልሽ፤ ብቻ ተኮስኩት» አሉኝ። ሕፃኑ ሴት ናት። ቢጫው ኮፍያ ልኳ ሆኗል።

ሰኞ፦ መመለስ

ሐጂያ ዘይነብ ሊሸኙን በማለዳ ከውጫሌ ሐይቅ ድረስ በዚያ በአይሱዙው ጋቢና መጥተው ነበር፤ ፋጡማ ደግፋቸው። እኔና እትዬ አስካለ አንገታችንን ደፍተን፣ እሳቸው መዳፋቸውን ዘርግተው፣ «መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፤ ሥራችሁን ያብዛላችሁ፤ አገራችሁን ሰላም ያድርግላችሁ» እያሉ ዱአ አደረጉልን፤ እኛም አሜን አልን። አረንጓዴውን ቀሚስ ልመልስ ስል ሰዓዳ ተቆጣች። «በመርፌ ቁልፍ ልክሽ ያደረግኩትን ማን ሊለብሰው ነው?» አለችኝ። በዚያኑ ቀን ማታ ሐዋሳ ገባን።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ሰዓዳ ደወለች። ከኋላዋ የሴቶች ጫጫታ ይሰማል። ሁለተኛውን ስብሰባ አሁን መጨረሳቸው ነው፤ በሐጂያ ዘይነብ መጋዘን ውስጥ። የዶሮዋ ነገር ተስተካክሏል። ፋጡማ ብቻዋን ገበያ ወጥታ እህል ገዝታ፣ ሐጂያ በእጃቸው አፍሰው አይተው «ደህና ነው» ብለዋታል፤ ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ማንም ሰምቶ አያውቅም አሉ። አዳዲስ ሴቶችም ገብተዋል።

«እኛንስ አላነሳችሁንም?» አልኳት።

ሰዓዳ ትንሽ አሰበች። «እውነቱን ልንገርሽ እታለም? ወሬው በዝቶብን፣ ወላሂ፣ አንዳችንም አላስታወስናችሁም!»

ስልኩን ዘግቼ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ ማሽኑን አጥፍቼ፣ ይህንን ወሬ ልነግራቸው ወደ እትዬ አስካለ መድኃኒት ቤት ሮጥኩ።